ፍጥረትን መመርመር ሃይማኖትን መካድ ነውን?



በጂንካና በዙሪያዋ ባሉ ቁምስናዎችና የጸሎት ቤቶች በተዘዋወርን ቁጥር ከወጣቶች የሚቀርብልን አንድ ጥያቄ አለ። ቃሉ ከቦታ ቦታ ይለያይ እንጂ ሐሳቡ አንድ ነው። «በትምህርት ቤት ሕይወት ያለው ሁሉ ከሕዋስ እንደ ተሠራ፣ ዛሬ የምናያቸውም ፍጥረታት ከቀደሙት በዝግመተ ለውጥ እንደ ተገኙ እንማራለን፤ በቤተ ክርስቲያን ደግሞ እግዚአብሔር ዓለምን በስድስት ቀን እንደ ፈጠረ ይነገረናል፤ ማንን እንመን?» ይሉናል። ጥያቄው ቀላል አይደለም፤ ከሚጠይቁትም መካከል መልስ አጥተው ቀስ በቀስ ከእሑድ ቅዳሴ የራቁ ልጆች እንዳሉ እናንተም ታውቃላችሁ።

አንዳንድ ጊዜ የሚሰጠው መልስ «ለፈተና ብለህ ጻፈው፤ በልብህ ግን አትቀበለው» የሚል ነው። ይህ መልስ ለጊዜው ከችግር የሚያወጣ ይመስላል። ነገር ግን ወጣቱ በመምህሩ ፊት አንድ፣ በካህኑ ፊት ሌላ ነገር እንዲናገር ያስለምደዋል፤ ከዚያም ሁለቱን ማስታረቅ ሲያቅተው የሚተወው ብዙውን ጊዜ ቤተ ክርስቲያንን ነው። ስለዚህ በዚህ እትም ስለ ሕይወት ሳይንስ መሠረታዊ ሐሳቦች፣ በተለይም በዚሁ በኦሞ ምድር ስለ ተገኘው ምስክርነት፣ ጥቂት ማለትን መረጥን። (የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር መሆናቸውን አንባብያን ያስተውሉልን።)

አስቀድመን የቤተ ክርስቲያንን አቋም ማስቀመጥ ይገባናል፤ ነገሩ የእኛ የግል አስተያየት እንዳይመስል። ቅዱስ አጎስጢኖስ በአምስተኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ኦሪት ዘፍጥረትን ሲተረጉም፣ ብርሃን በመጀመሪያው ቀን፣ ፀሐይ ግን በአራተኛው ቀን መፈጠሯን አስተውሎ፣ እነዚያ ቀናት እኛ ከጧት እስከ ማታ የምንቆጥራቸው ዓይነት ሊሆኑ እንደማይችሉ አስረድቷል። እግዚአብሔርም በመጀመሪያ ፍጥረት ውስጥ፣ ጊዜያቸው ሲደርስ የሚገለጡ ነገሮችን በዘር መልክ እንዳኖረ አስተምሯል። ከዚህም ሌላ፣ አንድ ክርስቲያን ስለ ሰማይና ስለ ምድር፣ ስለ እንስሳትና ስለ ዕፅዋት የማያውቀውን በመጽሐፍ ቅዱስ ስም ሲናገር የሚያውቁት ሰዎች ቢሰሙት፣ መጽሐፉን ራሱን እንደሚንቁ በብርቱ አስጠንቅቋል። ይህ ማስጠንቀቂያ የተጻፈው ዳርዊን ከመወለዱ ከአንድ ሺህ አራት መቶ ዓመት በፊት ነው።

ወደ እኛ ዘመን ስንመጣ፣ ር.ሊ.ጳ. ጲዮስ 12ኛ ነሐሴ 12 ቀን 1950 ባወጡት ሁማኒ ጄኔሪስ በተሰኘው መልእክት፣ የሰው ሥጋ ከእርሱ በፊት ከነበረ ሕያው ነገር ተገኝቶ እንደ ሆነ ሊቃውንት እንዲመረምሩ ቤተ ክርስቲያን እንደማትከለክል፣ ነፍስ ግን በቀጥታ በእግዚአብሔር የምትፈጠር መሆኗን አስተማሩ። ቅዱስ ዮሐንስ ጳውሎስ ዳግማዊም ጥቅምት 22 ቀን 1996 ለጳጳሳዊ የሳይንስ አካዳሚ በላኩት መልእክት፣ ከዚያ ወዲህ የተገኙት ዕውቀቶች ዝግመተ ለውጥን ከመላ ምት በላይ አድርገው እንድናየው የሚያስገድዱ መሆናቸውን ገለጹ። እንግዲህ አንድ ካቶሊክ ተማሪ የሕይወት ሳይንስ መጽሐፉን ሲገልጥ ኃጢአት የሠራ ሊመስለው አይገባም።

አሁን ወደ ነገሩ እንግባ። «ሕዋስ» የሚለው ቃል ለብዙዎቻችን የሚያስታውሰን ማየትን፣ መስማትን፣ ማሽተትን፣ መቅመስንና መዳሰስን፣ ማለትም አምስቱን ሕዋሳት ነው። የሳይንስ መጻሕፍት ግን ቃሉን ለሌላ ነገር ወስደውታል፤ በዚህ ምክንያት ሁለቱን የሚያምታቱ ትልልቅ ሰዎች ገጥመውናል። የሳይንሱ ሕዋስ ሕይወት ያለው ነገር ሁሉ የሚገነባበት እጅግ ትንሹ ክፍል ነው። እንግሊዛዊው ሮበርት ሁክ በ1665 ስስ የቡሽ ቅራፊ በአጉሊ መነጽር ሲመለከት የማር እንጀራ የሚመስሉ ጥቃቅን ክፍሎችን አየና «ሴል» ብሎ ሰየማቸው። ቃሉ ከላቲን የመጣ ሲሆን ትንሽ ክፍል ማለት ነው፤ በገዳማት የመነኩሴ ማደሪያም በዚሁ ቃል ትጠራለች። የማር አገር ለሆነው ለአሪ ደጋ ሰው ምሳሌው እንግዳ አይሆንበትም፤ ቀፎ የከፈተ ሁሉ ሁክ ያየውን በዐይነ ልቡናው ማየት ይችላል። ከዚያ በኋላ በ1838 እና በ1839 ሽላይደንና ሽቫን የተባሉ ሁለት ጀርመናውያን ዕፅዋትም እንስሳትም ሁሉ ከሕዋሳት የተሠሩ መሆናቸውን አስተማሩ፤ በ1855 ደግሞ ቪርኾ እያንዳንዱ ሕዋስ ከሌላ ሕዋስ እንደሚወለድ አጸና።

እያንዳንዳችን በእናታችን ማኅፀን የጀመርነው በአንዲት ሕዋስ ነው። ስፋቷ ከአንድ ሚሊ ሜትር አንድ አሥረኛ ገደማ ነው። እርስዋ ሁለት ትሆናለች፤ ሁለቱ አራት፣ አራቱ ስምንት እያሉ ይቀጥላሉ፤ አንዱ ወገን አጥንት፣ ሌላው ደም፣ ሌላው ዐይን ይሆናል። በእያንዳንዱ ሕዋስ እምብርት ክሮሞሶም የሚባሉ 46 ክሮች አሉ፤ 23ቱን ከአባታችን፣ 23ቱን ከእናታችን የተቀበልናቸው ናቸው። በእነዚህ ክሮች ውስጥ የተጠቀለለው ዲ.ኤን.ኤ. የተባለው ነገር፣ ቅርጹ በ1953 የታወቀው፣ የአካላችን አሠራር የተጻፈበት ነው ማለት ይቻላል። ጽሕፈቱ የሚጠቀመው በአራት ፊደላት ብቻ ነው። እኛ አማርኛን ለመጻፍ ከ230 የሚበልጡ ፊደላት ያስፈልጉናል፤ ፈጣሪ ግን እንሰቱንም፣ ዝሆኑንም፣ ሰውንም በእነዚያው በአራቱ ጽፎአል።

እዚህ ላይ ጥቂት ቆም እንበል፤ ይህ ዕውቀት ለሕፃናት ሕይወት ጭምር የሚጠቅምበት ቦታ አለና። በካራ፣ በሐመርና በበና ወገኖቻችን ዘንድ ለረጅም ዘመን በቆየው ሚንጊ በሚባለው ልማድ፣ የላይኛው ጥርሱ ቀድሞ የበቀለ ሕፃን፣ መንታ ሆነው የተወለዱ ልጆች፣ በሥርዓቱ ከተፈቀደው ውጭ የተፀነሰ ልጅም ድርቅንና በሽታን የሚጠሩ ተደርገው ይቈጠሩ ነበር፤ ብዙዎችም ሕይወታቸውን አጥተዋል። የካራ ሽማግሌዎች በ2012 ተሰብስበው ልማዱን በይፋ ሽረዋል፤ ይህም ሊመሰገኑበት የሚገባ ተግባር ነው። ልማዱን የጠበቁት አባቶች ልጆቻቸውን የማይወዱ ሆነው እንዳልሆነም መመስከር ይገባናል። መላው ሕዝብ እንዳይጠፋ ፈርተው ነበር። ፍርሃት ደግሞ በቁጣ ብቻ አይወጣም፤ የሚያስረዳ ይፈልጋል።

እንግዲህ የሕይወት ሳይንስ ምን ይላል? የጥርስ ቡቃያዎች ሕፃኑ ገና በማኅፀን ሳለ በድዱ ውስጥ ተዘጋጅተው ያድራሉ። ከተወለደ በኋላ በስድስተኛው ወር ገደማ ብዙውን ጊዜ የታችኞቹ የፊት ጥርሶች ይቀድማሉ፤ በአንዳንዱ ሕፃን ግን የላይኞቹ ይቀድማሉ። ይህ በሐመር ብቻ ሳይሆን በሮምም፣ በናይሮቢም፣ በአዲስ አበባም የሚታይ፣ አንዱ ልጅ ከሌላው ቀድሞ እንደሚሄድ ሁሉ በአስተዳደግ የሚመጣ ልዩነት እንጂ ለማንም በሽታን የሚያስከትል ነገር አይደለም። መንትዮችም እንዲሁ ናቸው። አንዳንድ ጊዜ በእናቲቱ ውስጥ በአንድ ጊዜ ሁለት እንቁላሎች ይዘጋጁና ሁለቱም ይፀነሳሉ፤ እነዚህ እንደ ማንኛውም ወንድምና እኅት የሚመሳሰሉት መንትዮች ናቸው። አንዳንድ ጊዜ ደግሞ ያቺ ከላይ የጠቀስናት ጽንስ ገና በመጀመሪያዎቹ ቀናት ለሁለት ትከፈልና ፈጽመው የሚመሳሰሉ ሁለት ልጆች ይሆናሉ። በዚህ ሁሉ ውስጥ ዝናብን የሚያስቀር ምንም ነገር የለም። በቆላው የምታገለግሉ የትምህርተ ክርስቶስ መምህራን፣ ለእናቶች «አትግደሉ» የሚለውን ትእዛዝ ስታስተምሩ ይህንንም ጨምሩበት፤ ትእዛዙን የሰማች እናት ፍርሃቷ የሚለቃት ምክንያቱንም ስታውቅ ነውና።

ልጅ አባቱንና እናቱን የሚመስልበትን ሕግ በመጀመሪያ የገለጠው የእኛው ቤተ ክርስቲያን መነኩሴ መሆኑን ወጣቶቻችን ሲሰሙ ይገረማሉ። ግሬጎር ሜንዴል በብርኖ ከተማ የነበረ የአጎስጢኖሳውያን ማኅበር ካህን ነበረ። ከ1856 ጀምሮ እስከ 1863 ድረስ በገዳሙ የአትክልት ቦታ አተር እየዘራ፣ ረጅሙን ከአጭሩ፣ ቢጫውን ከአረንጓዴው እያዳቀለ፣ ፍሬውን በትዕግሥት ቈጠረ። ጽሑፉ በ1866 ታተመ፤ እርሱ ከሞተ በኋላ እስከ 1900 ድረስ ግን አስተዋይ አላገኘም። ቅዳሴ ቀድሶ ወደ አተሩ የሚሄድ ሰው ሳይንስንና እምነትን እንዴት አስታረቀ ብሎ መጠየቅ ለእርሱ ዘመን ሰዎች እንኳ እንግዳ ይሆን ነበር ብለን እንገምታለን።

ሕዋስ ሲከፈል ያንን ረጅም ጽሕፈት መገልበጥ አለበት። ገልባጭ ያለበትን ሥራ የሚያውቅ፣ ቀድሞ የብራና መጻሕፍት በእጅ ይገለበጡ በነበረበት ጊዜ እንደሚሆነው፣ አልፎ አልፎ አንድ ፊደል እንደሚለወጥ ያውቃል። ብዙው ለውጥ አይጐዳም አይጠቅምም፤ አንዳንዱ ይጐዳል፤ ጥቂቱ ደግሞ ባለቤቱ ባለበት ስፍራ ይጠቅመዋል። የጠቀመው ብዙ ልጆችን ያፈራል፤ ልጆቹም ያንኑ ይወርሳሉ። ዳርዊንና ዋላስ በ1858 ያቀረቡት የተፈጥሮ ምርጫ የተባለው ሐሳብ በአጭሩ ይኸው ነው።

ይህን ለማየት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። በኦሞና በወይጦ ቆላ የምትኖሩ በዕድሜ የገፋችሁ ምእመናን፣ ወባ ሲይዛችሁ ክሎሮኪን ትወስዱና ትድኑ የነበረበትን ጊዜ ታስታውሳላችሁ። በኋላ መድኃኒቱ ለዋነኛው የወባ ዓይነት መሥራቱን አቆመ። በ1998 መንግሥት በፋንሲዳር ተካው፤ እርሱም ብዙ አልቆየምና በ2004 ኮአርተም የተባለው ገባ። ምን ሆኖ ነው? ከብዙ ሚሊዮን የወባ ጥገኛ ሕዋሳት መካከል፣ በጽሕፈቱ ለውጥ ምክንያት መድኃኒቱ የማይገድላቸው ጥቂቶች ተገኙ። መድኃኒቱ ሌሎቹን ሲፈጅ እነዚያ ቀሩና ተራቡ፤ ዘራቸውም አገሩን ሞላ። ጥገኛው አስቦ አልተለወጠም፤ የተረፈው ነው የወለደው። ዝግመተ ለውጥ በመጻሕፍት ብቻ ያለ ነገር የሚመስለው ሰው ካለ፣ በጤና ጣቢያው ደጃፍ የተሰለፉትን እናቶች ይጠይቅ። ሐኪም ያዘዘውን መድኃኒት እስከ መጨረሻው ውሰዱ የሚባለውም ከዚሁ የተነሣ ነው፤ በግማሽ ሲተው ብርቱዎቹ ተውሳኮች ይተርፋሉና።

ሰው ራሱ ሲመርጥ ደግሞ ነገሩ ይፈጥናል። በአሪ ደጋ በጓሮ የሚተከለው እንሰት ዓይነቱ ብዙ ነው፤ እያንዳንዱም የራሱ ስም አለው፤ አንዱ ለቆጮ፣ ሌላው ለአሚቾ፣ ሌላው ለቃጫው ይመረጣል። በዱር ያለው እንሰት ከዘሩ ይበቅላል፤ የጓሮው ግን ከሥሩ በሚወጡ ቡቃያዎች ይባዛል። እናቶችና አባቶች ለብዙ መቶ ዓመታት የተሻለውን እየለዩ ሲተክሉ አንዱ ተክል ብዙ ሆነ። ዳርዊን መጽሐፉን የጀመረው ከእንግሊዝ አገር ርግብ አርቢዎች ነበር፤ ወደ አሪ ቢመጣ ኖሮ በእንሰት ይጀምር ነበር ብንል የተጋነነ አይመስለንም።

አሁን ደግሞ ከደጋው ወርደን ወደ ታችኛው ኦሞ እንሂድ። በወንዙ ምዕራብ፣ ሹንጉራ በተባለው ስፍራ፣ ምድር እንደ መጽሐፍ ገጽ በድርብ በድርብ ተነባብራ ትታያለች። የድርቦቹ ውፍረት በጠቅላላው ከ700 ሜትር ይበልጣል፤ ጊዜውም ከ3 ሚሊዮን ተኩል ዓመት በፊት ጀምሮ እስከ አንድ ሚሊዮን ዓመት ገደማ ይደርሳል። የታችኛው ድርብ ከላይኛው ይልቅ የቈየ ነው የሚለውን ደንብ በ1669 የጻፈው ኒልስ ስቴንሰን ነበረ። ዴንማርካዊው ስቴንሰን በ1667 ወደ ካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ገባ፤ በኋላም ካህን፣ ቀጥሎም ጳጳስ ሆነ፤ በ1988 ብፁዕ ተብሎ ታወጀ። ስለዚህ በኦሞ አፈር የሚቈፍር ሳይንቲስት ሁሉ፣ ቢያውቀውም ባያውቀውም፣ በአንድ ብፁዕ ጳጳስ መመሪያ ይሠራል።

በእነዚህ ድርቦች መካከል ከእሳተ ገሞራ የወረደ አመድ ይገኛል፤ በአመዱ ውስጥ ያሉት ጥቃቅን ጠጠሮች ፖታሲየም ወደ አርጎን በሚለወጥበት ቋሚ ፍጥነት ዕድሜያቸው ይለካል። ፈረንሳዊው ካሚል አራምቡር በ1932 እና 33 በዚህ ስፍራ አጥንት ሰበሰበ፤ ከ1967 እስከ 1976 ደግሞ እርሱ፣ ኢቭ ኮፐንስና ክላርክ ሃዌል ያሉበት ዓለም አቀፍ ቡድን በብዙ ሺህ የሚቈጠሩ አጥንቶችን አወጣ። ከሁሉም ይልቅ እኛን ያስደነቀን የዓሣማ ወገን ነገር ነው። በማጎ የሚሮጠውን ከርከሮ የማያውቅ የለም። የከርከሮ ዘመዶች ጥርስ በኦሞ ድርቦች ከታች ወደ ላይ ሲከታተሉት፣ የመጨረሻው መንጋጋ እየረዘመና ከፍ እያለ ሲሄድ ይታያል፤ ምድሩ እየደረቀ፣ ሣሩ እየበዛ ሲሄድ ጠንካራ ሣር የሚፈጭ ጥርስ ያላቸው በረከቱ። ለውጡ ይህን ያህል የታወቀ ስለ ሆነ ሊቃውንት ጥርሱን አይተው ዘመኑን መናገር ቻሉ። በኬንያ ቱርካና ዳር አንድ የአመድ ድርብ 2.6 ሚሊዮን ዓመት አለው ተብሎ ብዙ ክርክር በተነሣ ጊዜም፣ ሐሰቱን ካጋለጡት ምስክሮች አንዱ የኦሞ ዓሣማ ጥርስ ነበረ፤ ትክክለኛው ዕድሜ ወደ 1.9 ሚሊዮን ዝቅ ብሎ ተገኘ።

ስለ ሰውም የሚናገረው አጥንት በዚያው አካባቢ ተገኝቷል። በ1967 በሪቻርድ ሊኪ የሚመራው የኬንያ ቡድን በኪቢሽ የሰው ራስ ቅልና ሌሎች አጥንቶችን አገኘ፤ የመጀመሪያውን ያገኘው ካሞያ ኪሜው ነበረ። በመጀመሪያ ዕድሜው 130 ሺህ ዓመት ያህል ተገመተ፤ በ2005 ወደ 195 ሺህ ከፍ አለ። በ2022 የታተመው ጥናት ደግሞ ከአጥንቱ በላይ ያለው አመድ ከ230 ሺህ ዓመት ገደማ በፊት ከሻላ እሳተ ገሞራ የፈነዳው መሆኑን አረጋገጠ፤ አጥንቱ ከአመዱ በታች በመሆኑ ከዚያም ይልቅ የቈየ ነው። ያ ሰው እንደ እኛው ያለ ሰው ነበረ። በሞሮኮ ወደ 300 ሺህ ዓመት የሚጠጋ የሰው ዘር አጥንት በ2017 መገለጡን ደግሞ በእውነት መናገር ይገባናል፤ «የመጀመሪያው ሰው በእኛ ቀበሌ ነበረ» ብሎ መመካት ከሳይንስም ከትሕትናም ያወጣል። የታችኛው ኦሞ ሸለቆ በ1980 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ ሆኖ የተመዘገበው ስለዚህ ሁሉ ምስክርነቱ ነው።

«ታዲያ ከዝንጀሮ መጣን ማለት ነው?» የሚል ጥያቄ ወዲያው ይከተላል። ሳይንስ እንዲህ አይልም። ዛሬ በዛፍ ላይ ያለው ጦጣም ሆነ ዝንጀሮ የማንም አያት አይደለም፤ የሚባለው እነርሱም እኛም እጅግ ሩቅ በሆነ ዘመን የጋራ ቅድመ አያት እንደ ነበረን ነው። ይህ የሚያሳፍር ቢመስል፣ ኦሪት ዘፍጥረት አዳም ከምድር አፈር እንደ ተበጀ እንደሚነግረን እናስታውስ። ከአፈር መበጀት ያላሳፈረን፣ አፈሩ በሕያዋን በኩል ረጅም መንገድ ቢሄድ ለምን ያሳፍረናል? ክብራችን ያለው በመጣንበት ቍስ አይደለም። እግዚአብሔር በአርአያው ሊፈጥረን በመውደዱ፣ እፍ ብሎም በሰጠን ነፍስ ነው፤ እርስዋን ደግሞ በአጉሊ መነጽር የሚያገኛት፣ በአመድ ድርብም የሚለካት የለም። ሳይንቲስቱ «ነፍስ አላየሁም» ቢል እውነቱን ነው፤ «ስለዚህ የለችም» ካለ ግን ከሙያው ወጥቶአል።

ወደ ኦሞ ሕዝቦች የሚመጡ አንዳንድ ጎብኝዎች፣ አንዳንድ የከተማ ሰዎቻችንም፣ ሙርሲውን፣ ሐመሩን፣ ዳሰነቹን «የጥንት ሰው ቅሪት» አድርገው ሲናገሩ ሰምተናል። ይህ በሳይንስ ስም የሚነገር ውሸት ነው። የኪቢሹ ሰው ለፓሪስ ነዋሪ ምን ያህል ሩቅ ከሆነ ለሙርሲው እረኛም ያንኑ ያህል ሩቅ ነው፤ ሁለቱም እኩል ብዙ ትውልድ ቈጥረው ዛሬ ላይ ደርሰዋል። ከብት እየነዳ መኖር፣ ከንፈርን መብሳት፣ ልብስን ማሳነስ የባህል ምርጫ እንጂ የአጥንት ወይም የሕዋስ ጉዳይ አይደለም።

ከዚህ ይበልጥ የሚነካን ግን በራሳችን ደጃፍ ያለው ነው። በአሪ ገበሬውና አንጥረኛው፣ ገበሬውና ሸክላ ሠሪው እንደማይጋቡ፣ የእጅ ባለሙያውም እንደ ዝቅተኛ ይታይ እንደ ነበረ ሁላችን እናውቃለን። ገበሬው የሚያርስበትን ብረት የሚሠራለት፣ ሚስቱ የምትቀቅልበትን ማሰሮ የምትሠራለት እርሱ የማይጠጋው ሰው ነው። አንዳንዶች «ዘራቸው ሌላ ነው፤ ከእኛ በፊት የነበሩ የአዳኞች ቅሪት ናቸው» ይላሉ። ሊቃውንትም በ2012 ባወጡት ጥናት የአሪ አንጥረኞችና ገበሬዎች ዲ.ኤን.ኤ. በእርግጥ የተለያየ መስሎ እንደሚታይ ጽፈው ነበርና ወሬው ድጋፍ ያገኘ መሰለ።

በ2015 ግን ኢትዮጵያውያን ምሁራን ጭምር የተሳተፉበት ሌላ ጥናት ነገሩን በጥልቀት መርምሮ ሁለቱ ወገኖች ባለፉት 4,500 ዓመታት ውስጥ ከአንድ ሕዝብ የተለዩ ወንድማማቾች መሆናቸውን አሳየ። ልዩነቱስ ከየት መጣ? አንድ ትንሽ ወገን ከሌሎች ጋር እንዳይጋባ ሲከለከልና ለብዙ ትውልድ በራሱ ውስጥ ብቻ ሲዋለድ፣ በአጋጣሚ ብቻ የዘሩ ጽሕፈት ወደ አንድ ወገን ያዘነብላል፤ ከጥቂት እፍኝ የተዘራ ጤፍ ቀለሙ አንድ ወጥ እንደሚሆን ያለ ነው። በሌላ አነጋገር፣ ሰዎቹ የተገለሉት ስለ ተለዩ አልነበረም፤ የተለዩ የመሰሉት ስለ ተገለሉ ነው።

በዚያው ዓመት ከጋሞ ተራሮች፣ ሞታ ከተባለው ዋሻ በ2012 የወጣ የ4,500 ዓመት አፅም ዲ.ኤን.ኤ. መነበቡ ተሰማ። ከጥንታዊ አፍሪካዊ ሙሉ በሙሉ ሲነበብ የመጀመሪያው ነበረ። ሰውየው ባይራ ተባለ፤ በጋሞኛ በኵር ማለት ነው። ዛሬ ካሉት ሕዝቦች ይበልጥ የሚቀርቡት አሪዎች ሆነው ተገኙ፤ ከአሪም ውስጥ እነዚያው የተናቁት አንጥረኞች። (ጥናቱን ያወጡት ሊቃውንት ከአውሮፓና ከእስያ ወደ አፍሪካ ስለ ተመለሰ ዘር የጻፉት ክፍል በስሌት ስሕተት የተጋነነ መሆኑን በ2016 ራሳቸው አርመው አሳትመዋል። ወጣቶቻችን ከሳይንስ እንዲማሩ ከምንመኛቸው ልማዶች አንዱ ይህ ነው።)

ሐዋርያው ጳውሎስ በአቴና ኮረብታ ቆሞ እግዚአብሔር የሰውን ወገን ሁሉ ከአንድ እንዳስገኘ ሲሰብክ፣ ሰሚዎቹ ራሳቸውን ከሌላው ሕዝብ የሚለዩ የተማሩ ሰዎች ነበሩ። ስብከቱን የተቀበልን እኛ ደግሞ በአንድ መንበረ ታቦት ፊት ቆመን አንድ ሥጋና አንድ ደም እየተቀበልን፣ ከቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ስንወጣ በሁለት መንገድ የምንሄድ ከሆነ፣ ሳይንቲስቱም ሐዋርያውም ይመሰክሩብናል።

በደጋው ያላችሁ የትምህርተ ክርስቶስ መምህራን፣ ለሚመጣው የጥምቀት ሥርዓት ስሞችን ስትመዘግቡ የክርስትና አባትና እናት የተባሉት ከየትኛው ወገን እንደ ሆኑ አስተውሉ። የገበሬው ልጅ የክርስትና አባቱ አንጥረኛ፣ የሸክላ ሠሪዋ ልጅ የክርስትና እናቷ የገበሬ ሚስት የሆነችበት መዝገብ ስንት እንዳለ ቍጠሩ፤ በሚቀጥለው የመምህራን ስብሰባም ቍጥሩን ይዛችሁልን ኑ።